ያልተፈለፈለው አፈሙዝ

ደንበኞቼ ሁሉ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ጥይታቸው ከጎረቤታቸው ጥይት ትንሽ ፈጥኖ እንዲሄድላቸው። የሚመታው አጋዘን ልዩነቱን አያውቀውም። እኔም ዕድሜዬን ቶርኖ ላይ አጎንብሼ ያችን ትንሽ ፍጥነት ሳሳድድ ከኖርኩ በኋላ፣ ዛሬ ወገቤ አልቀና ሲለኝ፣ ከሁላችንም አጋዘኑ ሳይሻል አይቀርም እላለሁ። ይህ ግን ለደንበኛ አይነገርም። ለደንበኛ የሚነገረው «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል» ነው።

በዚህ በቢተርሩት ሸለቆ በቀጠሮው ቀን ጠመንጃ ያስረከበ ሠሪ እኔ አላውቅም። ጠመንጃ ያዘዘ ሰው ልጁን ይድራል፣ የልጅ ልጁን ይስማል፣ ከዚያ መጥቶ «እንዴት ሆነች?» ይላል። ዛሬ ነገ ማለታችንን ሰዉ እንደ ክረምቱ በረዶ ለምዶታል፤ ያማርራል እንጂ አይጠረጥርም። ቨርሊንም እንደዚያው አልጠረጠረኝም።

ሥራዬ ፋብሪካ የማያውቃቸውን ጥይቶች የሚተኩሱ የአደን ጠመንጃዎች መሥራት ነው። በሙያው «የዱር ድመት» ይሏቸዋል፤ እኔና ቨርሊን ግን ዲቃላ ነው የምንላቸው። የፋብሪካ ቀለህ ይወሰድና አንገቱ ይጠብባል፣ ሆዱ ይሰፋል፣ ባሩድ በብዛት የሚይዝ አዲስ ቅርጽ ይወጣዋል። ያን ቅርጽ የሚቀበለው ማጉረሻ፣ ማለትም ጥይቱ የሚተኛበት የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ፣ ለዚያ ጥይት ብቻ ተብሎ በተሳለ መፈልፈያ ይቆፈራል። መፈልፈያው ከሌለ ያ ጥይት እንዳልተወለደ ቁጠረው።

ቨርሊን ስትራውድ በእንጨት መሰንጠቂያው የመጋዝ ጥርስ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ስትራውድ የሚባለውን ዲቃላ የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ነድፎ፣ መፈልፈያውን አስቀርጾ፣ ወደ እኔ ይዞት ሲመጣ ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን። መፈልፈያዋ አንዲት ናት፤ ሌላ የትም የለችም። በሲጋር ቆርቆሮ ቀፎ ከትቶ በደረት ኪሱ ይዟት ይዞራል። ቤተ ክርስቲያንም ሲሄድ አትለየውም። ሚስቱ አርዲስ፣ ቤቱ ቢቃጠል እኔን ወይስ እሷን ቀድሞ እንደሚያወጣ አላውቅም ትል ነበር። ሲጠየቅም «አንቺ እግር አለሽ» ብሎ ይመልስላት ነበር።

ስትራውድ የሚተኩስ ጠመንጃ በታዘዘ ቁጥር ቨርሊን ወንዙን በድልድዩ ተሻግሮ ወርክሾፔ ይመጣል። ባልዲ ገልብጦ ከቶርኖው አጠገብ ይቀመጣል። እኔ መፈልፈያዋን በትንሽ በትንሹ ወደ አፈሙዙ እገፋለሁ፤ እሱ ዘይት ያንጠባጥባል። ፈረስ እንደሚያባብል ሰው «ቀስ፣ ቀስ» ይለኛል። እኔም አፍህን ዝጋ እለዋለሁ። ማጉረሻው አልቆ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ፣ በብረት ማኅተም አፈሙዙ ላይ «ስትራውድ» ብዬ እመታለሁ። ከዚያ በፊት በጭራሽ አልመታም። አፈሙዝ ላይ የተመታ ስም፣ ይህ ጠመንጃ ይህን ጥይት ይተኩሳል ብሎ ሠሪው የሰጠው ቃል ነው። ሳይፈለፍል ስም የሚመታ ሠሪ ካጋጠመህ ጠመንጃህን ይዘህ ውጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዲቃላ ጥይት ሁለት ዓይነት ባሩድ ይጠይቃል። ቀለሁ አዲሱን ቅርጽ የሚይዘው ማጉረሻው ውስጥ ሲተኮስ ነው። ለዚያ፣ ያለ አረር፣ ከፈጣኑ የሽጉጥ ባሩድ ቁንጥር ያህል ይጨመርና የቀረው በስንዴ ገንፎ ዱቄት ይሞላል፤ አፉም በሶፍት ይወተፋል። ሲተኮስ ቀለሁ ተነፍቶ የማጉረሻውን ልክ ይይዛል፤ ደጁም ገንፎ ያረረበት ማድቤት ይሸታል። ለአደን ሲሆን ግን ሌላው፣ ቀርፋፋው ባሩድ ነው እስከ አንገቱ የሚሞላው። ፈጣኑ እንደ ፎረፎር ስስ ነው፤ ቀርፋፋው ደግሞ የተቆራረጠ ክር ይመስላል። ቨርሊን ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሲጀምር ፀጉሩ ጥቁር ነበር። አንድም ቀን አሳስቷቸው አያውቅም።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን አርዲስ ብቻዋን መጣች። የጥይት ሳጥን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ቁጭ በዪ ብላት እምቢ አለች። ከሳጥኑ አንድ ጥይት አውጥታ እጄ ላይ አኖረችና ክፈትልኝ አለች። ቨርሊን ማታውን ሲሞላ እንዳመሸና ጠዋት የተከፈተ ሆኖ ያገኘችው ጣሳ ያልለመደችው እንደሆነ ነገረችኝ። አረሩን ነቅዬ ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ ደፋሁት።

ፎረፎሩ ነበር። እስከ አንገቱ ሞልቶታል።

ሌላ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ከሳጥኑ ከዚህም ከዚያም እያነሳሁ ከፈትኩ፤ ሁሉም ያው ነው። ከነዚህ አንዱ ቢተኮስ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ነበር የሚፈነዳው፤ አጠገቡ የቆመም አይተርፍም። መሳሳት ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ያ ሰው በእነዚያ ጣቶቹ ከሁለቱ ጣሳዎች የትኛውን እንደነካ ጨለማ ውስጥ እንኳን ያውቅ እንደነበር ስለማውቅ እንባዬ መጣ።

አርዲስ የሆነውን ሁሉ አጫወተችኝ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሏል። ቨርሊን ሐኪሙን ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው ብሎ ተነስቶ ወጥቷል። ሌሎቹን ጠመንጃዎች ልጆቻቸው ሲመጡ ወስደዋቸዋል፤ ስትራውድ የምትተኩሰውን የራሱን ጠመንጃ ግን ማንም ከእጁ ሊያስጥለው አልቻለም። አንድ ጊዜ ደብቃበት ቤቱን ገለባብጦ ሲያጣ፣ ሌባ ገባ ብሎ ሸሪፉን ጠርቷል።

«ከእጁ ልትወስዳት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«የምትለውን ታጣለህ እንዴ፣ ሜሪት? ዕድሜህን ሙሉ በሚቀጥለው ሳምንት እያልክ ስትዋሽ ኖረህ፣ ዛሬ ለእኔ ሲሆን ጨዋ ልትሆን ነው?»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እሺ አልኳት።

እውነቱን ለመናገር መዋሸቱ ቀላል ነበር። ቨርሊንን ቤቱ ሄጄ አፈሙዙን ልይልህ አልኩት፤ መነጽሬን አድርጌ ወደ ውስጥ ስመለከት በእርግጥም ተበልቷል። እንዲህ ያሉ ባሩድ አብዝተው የሚያቃጥሉ ዲቃላዎች አፈሙዛቸውን ቶሎ ይጨርሱታል። አዲስ ያስፈልገዋል ስለው ደስ አለው። «አላልኩህም? ባለፈው መኸር የሳትኩት በእኔ አልነበረም» አለኝና ጠመንጃዋን በራሱ እጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ተቀብዬ ድልድዩን ስሻገር ልጅ ሰርቄ የምሮጥ መሰለኝ።

አዲሱን አፈሙዝ አዘዝኩ፤ ይቆያል ብዬ ነበር። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አፈሙዝ በጊዜው ደርሶልኝ አያውቅም። የዚያን ጊዜ ግን አፈሙዝ ሠሪዎቹ እልህ የያዛቸው ይመስል ወዲያው ላኩልኝ። ከነመጠቅለያ ወረቀቱ በሩ ጀርባ አቁሜ የሥራ ካፖርቴን ሰቀልኩበት።

ቨርሊን እየመጣ መጠየቅ ጀመረ። መጣ ወይ ይላል፣ ሲጋር ቀፎውን በኪሱ ላይ እየዳበሰ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አልመጣም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እለዋለሁ። ባልዲው ላይ ተቀምጦ ቡና ከፔርሙሱ ይጠጣል፣ አንድ ቀልድ ይነግረኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ቀልድ ይደግምልኛል። ሁለቱንም ጊዜ እስቃለሁ። ካፌ ሄዶ ደግሞ፣ ሜሪት እንኳን ለሰው አፈሙዝ ለራሱም ቀብር በሰዓቱ አይደርስም እያለ ያስቃቸዋል። ሰዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ለቀብሬ ቀጠሮ ይጠይቁኛል። አንድም የጠረጠረ የለም።

እንዲህ ሆኖ በጋው አለፈ። ውሸት ያደክማል። ጥርሴን ነክሼ ብረት ስቆርጥ ከምውልበት ቀን ይልቅ፣ እሱ መጥቶ ጠይቆኝ የሄደበት ቀን ነው አልጋዬ ላይ እንደ ጆንያ የሚጥለኝ። አንዳንዴ ይህን ሥራ ትቼ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ወንዙን ማየት ያምረኛል። ግን እሱ ነገ ደግሞ ይመጣል፤ በሩን ዝግ ሆኖ ቢያገኘው ማን ያውቃል ወዴት እንደሚሄድ።

የአጋዘን አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ የወንዙ ዳር ሣር ውርጭ ለብሶ፣ ቨርሊን መጣ። ያን ቀን ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር። ስለ ድሮ አደናችን አወራን፤ የሰዎቹን ስም አንድም ሳይስት ጠራቸው። ሊሄድ ሲነሳ ግን የራሱን ካፖርት ሚስማሩ ላይ ትቶ የእኔን ካፖርት አነሳ።

አፈሙዙ ከነወረቀቱ ፊቱ ቆመ።

ወረቀቱ ላይ የተጠራቀመውን አቧራ በጣቱ ጠረገና ጣቱን አየው። ካፖርቴን መልሶ ሰቀለ። መጥቶ ባልዲው ላይ ተቀመጠ።

«አርዲስ ናት?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ መሸፋፈኑ አላስፈለገም፤ ስለ ሳጥኑ ሁሉንም ነገርኩት።

«ፈጣኑን?»

«ፈጣኑን።»

«እስከ አንገቱ?»

«አዎ ቨርሊን። ሁሉንም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ወይም አልሠራሁትም ይል ነበር። እሱ ግን የባሩድን ነገር ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ሲያሰላው ታየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ ነበር የምትሆነው አለ። ባለፈው መኸር አርዲስ አብራው ነበር የወጣችው።

ከኪሱ ቀፎውን አወጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና በጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

«አፈሙዙን ግጠምልኝ። ስሜን ምታበት። ይህችን ግን አታስገባበት።»

ያልገባኝ መሰለው፤ ደገመልኝ። ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር ማየት አልፈልግም አለ። በእጄ ልያዛት፣ ልወልውላት፣ ሰው ሲመጣ ላሳይ። ግን ምንም አይጉረስባት። ያልተፈለፈለ አፈሙዝ ዱላ ነው፤ ዱላ አርዲስን አይገድላትም አለኝ።

«ነገ ይህን ያልኩትን እረሳዋለሁ» አለኝ። «አንተ አትርሳ። እግርህ ላይ ወድቄ ብለምንህ እንኳን እንዳትፈለፍለው። ማልልኝ።»

ማልኩለት።

ያን ዕለት አብረን ሠራን። አፈሙዙን ቶርኖው ላይ አስሬ ከጠመንጃዋ አካል ጋር የሚገጥምበትን ጥርስ አወጣሁለት፤ እሱ ከጎኔ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ቀስ፣ ቀስ ይለኛል። አፍህን ዝጋ ማለት አቃተኝ። አፈሙዙ ተገጥሞ ሲያበቃ መፈልፈያዋ የምትገባበት ሰዓት ደረሰ፤ ሁለታችንም ቀፎውን አየነው። ማኅተሞቹን አወጣሁ። መዶሻውን አንስቼ መልሼ አወረድኩት። ሞኝነት ነው፤ የማይተኩስ ብረት ላይ ስም መምታት ማንንም አይጎዳም፤ ግን ያን ደንብ አንድም ቀን ጥሼው አላውቅም ነበር። ቨርሊን መዶሻውን ከእጄ ወሰደ። እኔ ፊደሎቹን ያዝኩ፣ እሱ መታ። ስሙ ቀጥ ብሎ ተመታ።

ጠመንጃዋን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። አርዲስ በማግስቱ ደውላ፣ ሰቅሏት ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀምጦ እንደዋለ ነገረችኝ። ወደ አደን አልወጣም። ደስ ያለው ይመስላል አለችኝ። እኔም በዚያ ሳምንት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በረዶው መጣል ከጀመረ በኋላ የአርዲስ መኪና ደጄ ቆመ። እሷ ከመሪው ጀርባ እንደተቀመጠች ቀረች። ቨርሊን ጠመንጃዋን ይዞ ገባ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ጠረጴዛዬ ላይ አጋደማት፤ ከኪሱ ባዶ ቀለህ አወጣና ሊያጎርስ ሞከረ። ቀለሁ የኋላው ቀዳዳ አፍ ላይ ቆመ። እንደገና ገፋው። አልገባም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። አንተው ነህ ያልከኝ፣ መዶሻውን ያነሳኸው አንተው ነህ ልለው ፈለግሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁት ሥራ ፊቴ ተዘርግቶ፣ ከጓደኛዬ አፍ ይህን መጠየቅ አንገበገበኝ። ግን ብነግረው ያችን ቀን እንደ አዲስ ልጭንበት ነው፤ ሳጥኑን፣ ባሩዱን፣ አርዲስን። ነገም ሲረሳ እንደገና ልነግረው ነው። አልነገርኩትም።

ጠመንጃዋን ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አያት። ስሙን በጣቱ ዳሰሰ። ጀርባዋን አዞረና ቀዳዳውን አየ፤ ከዚያ እንደገና ስሙን። የመጋዝ ጥርስ ሲስል የኖረ ሰው ዓይን ነበረው፤ ምን እንደተደረገ ወዲያው ገባው። ሳይፈለፈል ስም ተመትቷል።

ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። ጠመንጃዋን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። በሩ መዘጋቱን ዘወር ብሎ አረጋገጠ። ባልዲውን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሜሪት። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«መርሳቱ።»

እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ለማንም አልናገርም አለኝ፣ ካፌ ውስጥ ትንፍሽ አልልም፤ ለአርዲስም ቢሆን የሚስተካከል ትንሽ ነገር ነው እላታለሁ። ሐኪሞቹን አትስማቸው፣ ሕፃናት ናቸው። ከዚያ ደረት ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ግንባሩን ቋጠረ፤ ቆይቶ ፈታው።

«መፈልፈያዋን ቤት ረስቻት መጣሁ» አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት ይዣት እመጣለሁ። አንተ ብቻህን እንዳትነካው። አጠገብህ ቁጭ ብዬ አይልሃለሁ፤ እንዳትሳሳት።»

መፈልፈያዋ ከሆዴ ፊት ለፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበረች።

«እሺ» አልኩት። «አመሰግናለሁ ቨርሊን።»

«አይዞህ» አለኝ። «እኔ አለሁልህ።»

እስከ መኪናው ልሸኘው አብሬው ወጣሁ። ደረጃው በረዶ ይዞ ነበር። ቨርሊን ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ፤ እንዳልወድቅበት።